የአቡጀዲ ባሕር

እንደዚያ ያለ ጅል አይቼ አላውቅም! በጣሊያን ጊዜ ልደታ ፎቶ ቤት የከፈተ ፈረንጅ ነበር። አቡጀዲ ላይ ባሕር አስሎ፣ ከሰፈራችን ወንዝ ሌላ ውሃ የማላውቀውን እኔን ሸማኔውን መረብ አሸክሞ ዓሣ አጥማጅ አደረገኝ። ፎቶው ጉም የለበሰ እንዲመስልለት ደግሞ የካሜራውን መስታወት ቅባት ይቀባዋል። ጉም ካማረው እንጦጦ አይወጣም?

አንድ ቀን ጎረቤቴን እማማ አስካለን ከልደታ ማርያም ደጃፍ በወታደር አስመጣቸው። ጣሊያኖች ልጃቸውን ከገደሉባቸው ገና ወር አልሞላም፤ ጥቁር ለብሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ለእሱ ግን ጥሩ የዓሣ አጥማጅ እናት ሆነው ታዩት።

“እማማ፣ ልጅዎ ባሕር ገብቶ እንደቀረ አድርገው ወደ ሥዕሉ ይዩ ይላል” አለ አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ።

እማማ ለባሕሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ዓይናቸውን ፈረንጁ ላይ ተከሉ። “ልጄን ባሕር አልበላውም። የበላውን እያየሁ ነው፤ ያንሳኝ” አሉ።

አስተርጓሚው “እሺ ብለዋል” ብሎ ተረጎመ። ፈረንጁም በጣሊያንኛው “ቤሊሲማ!”፣ እጅግ ውብ፣ እያለ አነሳቸው። ፎቶውን አሳድጎ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። የጣሊያን መኮንኖች እየመጡ፣ ልጇን ባሕር የበላባት እናት ሐዘን ነው እያሉ ያደንቁለታል። እማማም ከመስኮቱ ላይ ሆነው አንድ በአንድ ያዩዋቸዋል።