ደበሌን ፍለጋ የመጡት እናት

ክቡራትና ክቡራን፣ የመምሪያችን ኃላፊ አቶ ዘመድኩን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ። ይህን የጡረታ መሸኛ ምሳ ስላሰናዳችሁልኝ፣ አንዳንዶቻችሁም ሥራችሁን ትታችሁ ከቡታጅራ ድረስ ስለመጣችሁ አላህ ያክብርልኝ። ክትፎው ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ ብዬ ለአቶ ዘመድኩን ቃል ገብቻለሁ። አላመኑኝም። «እትዬ ሰልሚያ፣ እርስዎ የሰው ዜና ያሳጥራሉ እንጂ የራስዎን መቼ አሳጥረው ያውቃሉ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ በአርታኢነቴ ነው። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ በእረፍት ቀኔ የጻፍኳቸውን ሁለት የወንጀል ልብ ወለዶች አንብባችኋል። ባለታሪኬ ደበሌ ይባላል፤ የጋዜጣ የወንጀል ዘጋቢ ነው። ሌላው የተወውን ጉዳይ ያነሳል፣ ይጠይቃል፣ ይከታተላል፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ገዳዩን ያገኘዋል። ሁሌም ያገኘዋል።

«ደበሌን ከየት አመጣሽው?» ስትሉኝ ኖራችኋል። ከሙስተፋ ነው ያመጣሁት። አዲስ የገባችሁ አታውቁትም። የፖሊስና የፍርድ ቤት ዜና ይሠራልን ነበር። ረቂቄንም መጀመሪያ የሚያነበው እሱ ነበር። «ሰልሚያ፣ ይሄ ሳጅን ወሬ አበዛ» ይለኛል። «እኔ የማውቀው ሳጅን ‹ነገ ተመለስ› ብሎ ነው የሚሸኘኝ።»

ሚሌኒየሙን ባከበርን በዓመቱ፣ ሁለተኛው መጽሐፌ ወጥቶ ሳለ፣ አንድ ጠዋት አንዲት እናት ቢሮአችን መጡ። ሀሊሜ ይባላሉ። ከቡታጅራ አጠገብ፣ ከመስቃን ገጠር፣ በአገና በኩል መኪና እየቀያየሩ ነው ወልቂጤ የገቡት። ሻርፓቸው አቧራ ለብሷል። በሩ ላይ ቆመው፣

«ደበሌ የሚባለውን ጋዜጠኛ ፈልጌ ነው» አሉ።

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። «እናቴ፣ ደበሌ እኮ መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አልኳቸው።

«የጎረቤቴ ልጅ አንብባልኛለች» አሉ። «ገዳይ ያወጣል አለችኝ። ልጄን የገደለውን እንዲያወጣልኝ ነው የመጣሁት።»

ሳቁ ቆመ። ልጃቸው ሳላሀዲን ቡታጅራ ውስጥ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ኮንትራት የያዘውን ተሳፋሪ ጭኖ ከከተማ ወጣ። በማግስቱ አስከሬኑ መንገድ ዳር ተገኘ፤ ባጃጁ የለም። ምርመራው ተጀምሮ ቀዘቀዘ፤ ከዚያ በኋላ ጉዳያቸውን የጠየቀላቸው ሰው የለም።

ምን ልበላቸው? የወለዱት ልጅ ሞቶባቸው፣ እኔ የፈጠርኩትን ሰው ሊለምኑ መጥተዋል። ያኔ ሙስተፋ ከጥግ ተነሳና ወንበሩን አቀረበላቸው።

«ይቀመጡ እማማ። እኔ ነኝ ደበሌ።»

ደበሌ ቢሆን መጀመሪያ «ጠላት ነበረው ወይ?» ብሎ በጠየቀ። ሙስተፋ ግን «ልጅዎ ምን ይወድ ነበር?» አላቸው።

«ባጃጁን» አሉት። የጣራው ሸራ ከውስጥ ተቀዶበት በአረንጓዴ ክር እንደሰፉለት፣ እሱም «ምነው እማ፣ ጥቁር ክር አጣሽ?» ብሎ እንደሳቀባቸው ነገሩት። ሲነግሩት እሳቸውም ትንሽ ፈገግ አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሙስተፋ በእግሩ መሄድ ተወ። ወልቂጤ ይሁን ጉብሬ፣ አገና ይሁን ቡታጅራ፣ ባጃጅ ያስቆምና ገብቶ ጣራ ጣራውን ያያል። «ሙስተፋ ከባጃጅ ጣራ ፍቅር ያዘው» ብለን ቀለድንበት። ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ሲገባ ጉብሬ ላይ አገኘው። ባጃጁ ከውጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ከውስጥ ግን አረንጓዴው ስፌት አለ። አልጮኸም። ከፍሎ ወረደ፣ ሰሌዳውን አየ፣ ለፖሊስ ነገረ። ነጂው ምንም የማያውቅ ገዢ ነበር፤ የሸጠለትን ሰው አሳየ፤ በዚያው ገዳዩ ተያዘ። እማማ ሀሊሜ ያንን ሸራ ሲያሳዩአቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ዳበሱት። «እጄ ነው» አሉ።

መጽሐፍ ቢሆን እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ክሱ ግን በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ሆነ። በዚህ መሃል ሙስተፋን ጉበቱ ጣለው። ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ፊቱ አልቆ አገኘሁት።

«ሰልሚያ፣ ደበሌን በበሽታ እንዳትገድይው» አለኝ። «አንባቢ ይታዘብሻል።»

ሳቅን። ልወጣ ስል ግን ጠራኝ። «እማማ ሀሊሜን ብቻቸውን ፍርድ ቤት እንዳትልኪያቸው።»

በሳምንቱ ቀበርነው። አላህ ይርሐመው።

ቅጣቱ የተነበበ ቀን ከእማማ ሀሊሜ ጎን ተቀምጫለሁ። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። እኔ በየመጽሐፌ መጨረሻ ሕዝብ ሲያጨበጭብ ጽፌአለሁ። ያን ቀን ያጨበጨበ የለም። ዳኞቹ ወጡ፣ እስረኛውን ወሰዱት፣ ሰው ተበተነ። እማማ ሀሊሜ ብቻ አልተነሱም።

«አለቀ?» አሉኝ።

«አለቀ እማማ። ይነሱ፣ ቤትዎ ላድርስዎ።»

«ልጄ፣ እስከ ዛሬ መሄጃ ነበረኝ። እዚህ እመጣ ነበር፤ ሙስተፋ ዘንድ እመጣ ነበር። ከእንግዲህ የት እሄዳለሁ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላቸው ነበር? እኔ እጃቸውን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ከዚያም ወዲህ ቡታጅራ በሄድኩ ቁጥር እሄዳለሁ። አንዳንዴ ሳናወራ ነው የምንውለው። አንድ ቀን «እስቲ ያን መጽሐፍሽን አንብቢልኝ» አሉኝ። ደበሌ የሚናገርበትን ገጽ አነበብኩላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና፣

«ይሄ እኮ ሙስተፋ ነው» አሉ። «ድምፁ የሙስተፋ ነው።»

ከዚያ በላይ ማንበብ አቃተኝ።

አሳታሚው ከአዲስ አበባ እየደወለ «ሦስተኛውስ?» ይለኛል። ስንት ጊዜ ብዕር አነሳሁ መሰላችሁ። ደበሌ ይነሳል፣ አፉን ይከፍታል፣ የሚናገረው ግን ይጠፋዋል። ሙስተፋ ሳያነበው የሚወጣ ደበሌ የለኝም። ይኸው ተውኩት።

ልጆቼ፣ በእኔ ወንበር የምትቀመጡ፤ የምትሠሩት የሞት ዜና ሁሉ እናት አለው። ዜናው ከወጣ በኋላም በሩን አንኳኩ። የምትሉት ባይኖራችሁ እንኳ ገብታችሁ ተቀመጡ።

እኔ ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ አፉ በሉኝ፤ እኔም አፉ ብያለሁ። አላህ እጃችሁን ይባርክላችሁ። የምትዘግቡት ሰርግና ምርት ይሁን፤ ለቅሶው ይነስ። ከቤቱ የወጣ ልጅ ሁሉ በሰላም ይግባ።

በሉ፣ ደህና ሁኑልኝ።