በልጃቸው ላይ የነፉት ፊሽካ

የዛሬውን ተሸኚ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በስማቸው ሳይሆን «ጋሼ ፊሽካ» እያለ ይጠራቸው ስለነበር፣ ይህን ታሪካቸውን በአደራ ተቀብለው የሚያነቡት ታናሽ ወንድማቸውም በዚያው ስም ይጀምራሉ።

ጋሼ ፊሽካ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የተወለዱ ሲሆን፣ ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጥረው ሠላሳ አራት ዓመት አገለገሉ፤ በዕረፍት ቀናቸውም የቅርጫት ኳስ ዳኛ ነበሩ። ከአንዲት የሒሳብ መምህርት ጋር ትዳር መሥርተው ሴትና ወንድ ልጆች አፈሩ። ልጆቹ በቁራሽ ዳቦ ሲጣሉ እንኳ ምስክር ሳይሰሙ ስለማይፈርዱ፣ ባለቤታቸው «ምግቡ ቀዘቀዘ፤ ችሎቱ ይነሣ» ይሏቸው ነበር።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በሴቶች የዋንጫ ፍጻሜ ዕለት የተመደበው ዳኛ በድንገት ታመመ። ልጃቸው ከተጋጣሚዎቹ በአንዱ ቡድን ብትሰለፍም፣ የሁለቱም ቡድን አሠልጣኞች «እሳቸው ከሆኑ አምነናል» ብለው ፈረሙ። ይህ አመኔታ ከበዳቸው።

ጨዋታው ሊያበቃ ዘጠኝ ሰከንድ ሲቀር የልጃቸው ቡድን በአንድ ነጥብ ተበልጦ ነበር። ልጃቸው ኳሷን እያነጠረች መጥታ በሁለት እጇ ያዘች፤ ኳሷ ከእጇ አመለጠች፤ ደርሳባት ዳግመኛ እያነጠረች ወደ ቅርጫቱ ገሰገሰች። አንጥሮ ከያዙ በኋላ እንደገና ማንጠር «ደብል» የሚባል ጥፋት ነው፤ ኳሷን ያስለቀቀው የተጋጣሚ እጅ ከሆነ ግን ጥፋት የለም። አዳራሹ በሙሉ አባትየውን አየ። ኳሷ ቅርጫት ውስጥ ስትገባ ፊሽካው ቀድሞ ተነፍቶ ነበር፤ ነጥቡ ተሰረዘ፣ ዋንጫውም ሄደ።

ልጅቱ በሕዝብ ፊት «አባዬ፣ ተከላካይዋ ኳሷን ነክታብኛለች እኮ» አለቻቸው። እሳቸውም «አላየሁም» አሏት። በማግስቱ ጋዜጣው «ለልጁ ያላዳላ ዳኛ» ብሎ አወደሳቸው፤ እሷ ግን ኳስ ተወች፣ «አባዬ» ማለትም ተወች፤ ከዚያ ወዲህ «እርስዎ» ብቻ ሆኑ።

ኩላሊታቸው ከታመመ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ሐኪም ቤት የምታመላልሳቸው እሷው ነበረች። በመኪናዋ ውስጥ «ቀበቶዎን ይሰሩ»፣ «ደርሰናል፣ ይውረዱ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረም፤ እሳቸውም ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው መልሰው እየዘጉ ስንት ጊዜ ከመኪናው እንደወረዱ ለወንድማቸው አጫውተዋል። ባለፈው ሳምንት ግን ወንድማቸውን ወረቀት አስይዘው ይህን አስጻፉ፤ «በሰው ፊት የበደልኩትን በሰው ፊት አንብብልኝ፣ አንዲት ቃል እንዳታለሰልስ» ብለውም አስማሏቸው። አራሚ ነበሩና፣ የታተመ ስህተት እንደማይፋቅ፣ የእርማት ወረቀት ግን እንደሚገባበት ያውቃሉ።

«እርማት። ያቺ ተከላካይ ኳሷን በጣቷ ነክታለች፤ አይቻለሁ። አዳላ እንዳልባል ብዬ በልጄ ላይ ነፋሁ። ደብል አልነበረም። ሁለቱ ነጥብ ይመዝገብላት።»

ጋሼ ፊሽካ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ትናንት ማለዳ ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ከሁሉ በላይ የሆነው ዳኛ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ልጃቸውም፣ አንጀቷ ከቻለ፣ ሣጥኑ ሳይወርድ አንድ ጊዜ ብቻ «አባዬ» ትላቸው ዘንድ አጎቷ ይለምኗታል።