የበርሚንግሃም ባለአገሮች

ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ ሃርልስደን ሰፈር ካለችው አንዲት ክፍላቸው ወጥተው በርሚንግሃም ከተማ ሰፊ ቤት እንዲገቡ ደብዳቤ ደረሳቸው። አብሮት የመጣውን ፎርም ልሞላላቸው ስል እጄን ያዙኝ።

"ቆይ እስኪ፣ አገሩ የማን ነው? ባለአገሩን ሳይጠይቁ ሰው ቀዬ አይገባም።"

ስልኬን ቼክ አደረግሁ። "የቆረቆሩት የቤዮርማ ሰዎች ናቸው፤ አንግል ከሚባለው ነገድ። ከሺህ ዓመት በፊት በጀልባ ባሕር ተሻግረው ነው የመጡት።"

"እንደኔ በጀልባ!" ብለው ሳቁ። "ታዲያ ልጆቻቸውን የት አገኛቸዋለሁ?"

"ከሌላው ተቀላቅለዋል፣ ሐጂ። ዛሬ ለይቶ የሚያውቃቸው የለም። የቀረው ስማቸው ብቻ ነው።"

ወደ አልጋው ዞር አሉ። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው አልጋው ላይ በእንግሊዝኛ ይጨቃጨቃሉ። እጄን ለቀቁኝ።

"በል ሙላው። የአያቴንም ስም ግን እንዳትተው።"

ለስም የተተወው ሳጥን አልበቃኝም። ከሳጥኑ ውጪ ጻፍኩት።