ጓጉንቸር የሌለው ሳጥን

መምህር ሰብስቤ፣ ዛሬ «አንተ» እልሃለሁ፤ ጡረታ ወጥተሃል፣ ምንም አታደርገኝም።

እኔ ጩማ ፊደል አልቆጠርኩም። የትምህርት ቤት በር በመጠበቅ ግን ሶዶ ውስጥ የሚስተካከለኝ የለም። በዘጠና አምስት ይህ ሰው ከገሱባ ጭቃ ተለውሶ መጣ። ቁመቱን እያያችሁት ነው፤ ተማሪ መስሎኝ መጥረጊያ ሰጠሁት። ያረፈደ ግቢ ይጠርጋል፣ ሕጌ ነው። ተቀብሎ ጠረገ!

«አባባ፣ አሁን ላስተምር ልግባ?» አለኝ።

«አስተማሪ ነዎት እንዴ? ታዲያ ለምን ጠረጉ?»

«አርፍጃለኋ!»

ጠመኔ ሲሰበርበት ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው፤ ጠመኔውን! ፈተና ሰጥቶ ክፍሉን ጥሎ ይወጣና ከእኔ ጋር ቆሎ ይቆረጥማል። «ይኮራረጃሉ!» ስለው፣ «ጥቂት ቀን ነው፤ ይተዉታል» ይለኛል። አንድ ቀን የባለሱቁ የኸይሩ ልጅ ናጂያ እያለቀሰች መጣች። «ጋሼ፣ ሦስተኛውን ጥያቄ ከሰው አይቼ ነው የሠራሁት፤ ይሰረዝልኝ።» ሰረዘው፣ ጨካኝ! ወደቀች። ከዚያ ወዲያ ማንንም ሳታይ አጥንታ አሥረኛን አለፈች። ዛሬ ዱቦ ሆስፒታል መርፌ የምትወጋኝ እሷ ናት፤ እጇን አምናለሁ።

ከምጠብቀው በር አጠገብ ያለውን የወደቀ ዕቃ ሳጥንም ያመጣው እሱ ነው። ያገኘ ያስቀምጣል፣ የጠፋበት ይወስዳል። ጓጉንቸር የለውም። «ሳጥኑ ራሱ ይሰረቃል!» ብዬ ነበር። በዘጠኝ ዓመት የጠፋው አንድ ጥቁር ጃንጥላ ብቻ ነው።

የወሰድኩት እኔ ነኝ።

አትሳቁ! ሁምቦ ለቅሶ ልደርስ ስወጣ ዝናብ ያዘኝ። በማግስቱ ልጆቹ ቦርሳችን ይፈተሽ ብለው ተሰለፉ። አንተ ግን «ዝናብ የያዘው ሰው ይሆናል፤ ሲያባራ ይመልሰዋል» አልክ። ዝናቡ አባርቷል፣ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ከሰዓት መለስኩት። አንድ የወላይታ ሽማግሌ ይህን በሰው ፊት ሲናገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። በስተርጅና አስተማርከኝ። አመሰግናለሁ፤ ካነሰህ በቋንቋዬም ጋላታይስ!

አሁን ወደ ዳይሬክተራችን። ጉልላት፣ «ሰብስቤ ከሄደ ሰኞ ሳጥኑን እቆልፋለሁ» ብለህ ጓጉንቸር ገዝተሃል። ኪስህ ውስጥ ነው፣ አበጥ ብሎ ይታያል። ሌባው እኔ ነበርኩ፣ እኔም ተምሬያለሁ፤ ለማን ነው የምትቆልፈው? ወዲህ በለው። ስጠኝ እንጂ!

ይኸው፣ ሰጠኝ። አጨብጭቡለት።

ሰብስቤ፣ ስጦታህ ይህ ነው። ዶሮዎችህን ቆልፍበት፤ እነሱን አላስተማርካቸውም።

በሉ ሚሪንዳችሁን አንሱ! ዕድሜህ ይርዘም፣ ጉልበትህ ይጽና፣ ቤትህ ሰው አይጣ። ልትጠይቀን ስትመጣ ግን እንዳታረፍድ፤ መጥረጊያው ያው እዚያው ነው።