የአፍሪካ አገሮች ስንት ናቸው?

ጠዋት ሀርጌሳ ውስጥ ከኮድቡር ወደ ኤርፖርት በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች በአማርኛ ሲያወሩ ሰማሁ። እሱ ግንበኛ ነው፤ እሷ ሰው ቤት ትሠራለች።

«የአሠሪዎቼ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት የጥያቄና መልስ ውድድር አለባት። ሳምንቱን ሙሉ ሳስጠናት ሰነበትኩ።»

«እስቲ እኔንም ጠይቂኝ።»

«ትልቁ ፕላኔት ማነው?»

«ፀሐይ።»

«ፀሐይ ኮከብ ናት ወንድሜ። ጁፒተር ነው። የዓለም ዋንጫን ብዙ ጊዜ የበላችው አገርስ?»

«ብራዚል። እሱን እንኳ አልስትም።»

«የሰው አጥንት ስንት ነው?»

«ሲሚንቶ መሸከም ከጀመርኩ ወዲህ አልቆጠርኩትም።»

«ሁለት መቶ ስድስት ነው። የአፍሪካ አገሮችስ?»

«ሃምሳ አራት።»

«ጎበዝ። ልጅቷ እኮ ሃምሳ አምስት ናቸው ብላ ድርቅ አለችብኝ። ስንጨቃጨቅ ከርመን ትናንት ማታ ነው ያሳመንኳት።»

«ሶማሊላንድን ቆጥራ ይሆናላ።»

«እኛ ስንማር ካርታው ላይ አልነበረችማ።»

«ውድድሩ የት ነው ያልሽኝ እህቴ?»

«እዚሁ፣ ሀርጌሳ።»

«ዳኞቹስ የየት አገር ሰዎች ናቸው?»

ቦርሳዋን ስትበረብር ሰማሁ።

«ወይኔ። ቆይ፣ እናቷ ጋ ልደውል።»

ከሾፌሩ ጎን የተቀመጡት፣ ጺማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ዞር ሳይሉ በጠራ አማርኛ «ልጅቷ ልክ ናት» አሉ።

እኔም ከአልጄሪያ ጀምሬ አገር ስቆጥርባቸው የነበሩትን ጣቶቼን ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩ።