የአዴ ጫልቱ እንጉዳይ

በጃንሆይ ዘመን ለጋዜጣ ዜና እየለቀምኩ ነቀምት ስኖር፣ ክረምቱ ሲወጣ እሑድ እሑድ በጉቴ መንገድ እየተንሸራሸርኩ ዕፅዋት ማየት እወድ ነበር። አንድ እሑድ ከመንገዱ ዳር ባለ ማሳ ውስጥ የምስጥ ኩይሳ ላይ የተደፋ ሰፊ ቅጠል ባነሳ፣ ከሥሩ ጡጫ የምታህል እንጉዳይ ብቅ ብላለች። ወዲያው የማሳው ባለቤት አዴ ጫልቱ እየጮኹ መጡ። «ያ ነማ! አንተ ሰው! ማን ክፈተው አለህ? የሰው ዓይን ያረፈበት እንጉዳይ እኮ አያድግም! ነገ ለሚመጡት አማቾቼ ምን ወጥ ላቅርብ?»

«ዓይን እድገት አይከለክልም» አልኳቸው። «ነገ መጥቼ አብረን እንይ። ካላደገች ለአማቾችዎ ዶሮ ከእኔ።»

በማግስቱ እንጉዳይዋ እንደ ጃንጥላ ተዘርግታ አገኘናት። ዶሮዬ ስለተረፈችልኝ ብቻ ሳይሆን እውነቱ ስለታየ ደስ አለኝ። «ይኸው፣ አይቻትም አደገች!»

አዴ ጫልቱ ፊቴን ትኩር ብለው አዩና ሳቁ። «አንተ መች አየሃት? ያየው መነጽርህ ነው!»

ላብ ያደበዘዘውን መነጽሬን ልወለውል እጄን ሰደድኩ። እጄን ቀለብ አደረጉት።

«እንዳታወልቅ! እዚያ ጋ ገና ትንንሾቹ አሉ!»