የአከራዩ ምክንያት

ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር እንዲሉ፣ ሽማግሌው ሎህ ዪው ፋት ምክር ቤቱ ስለ አከራይና ተከራይ ሊከራከር መሆኑን በሬዲዮ በሰሙ ማግስት ከኢፖ ከተማ በጠዋቱ ባቡር ተሳፍረው የማሌዥያ ምክር ቤት ወዳለበት ወደ ኳላ ላምፑር ገቡ። ለመረጧቸው ተወካይ ለተከበሩ ቺን በስልክ መናገሩ አልበቃቸው ብሎ «ይህን አዋጅ ጣሉልኝ» ብለው ፊት ለፊት ሊነግሯቸው ነበር። ነገር ግን ገና ከምክር ቤቱ በር ላይ ተያዙ። ዘበኛው ክንዳቸውን አየ፣ እግራቸውን አየ፣ ከዚያም በአጭር እጅጌ ሸሚዝና በነጠላ ጫማ እንደማይገባ በትሕትና ነገራቸው።

«ይህ የሕዝብ ቤት አይደለም እንዴ?» አሉ ሎህ።

«የሕዝብ ነው እንጂ አህ ፓክ» አለ ዘበኛው፣ በአገሩ ልማድ አጎቴ ብሎ። «ለዚህ እኮ ነው ሰው ለብሶ የሚገባበት።»

ይህን ከጎን ሆኖ የሰማ ሲቫኔሳን የሚባል የታሚል ወጣት ሳቀ። ሕግ የተማረ፣ ለምክር ቤቱ ረቂቅ ከሚያዘጋጁት ሰዎች አንዱ ነበር። ሽማግሌው ያን ሁሉ መንገድ መጥተው መመለሳቸው አሳዘነውና ከቢሮው ረጅም እጅጌ ያለው፣ ባቲክ ከሚባል ባለ ጥለት የአገሩ ጨርቅ የተሰፋ ሸሚዝና አንድ ጥንድ ጫማ አምጥቶ አለበሳቸው። ጫማው ሰፊ ስለነበር ሎህ እግራቸውን እየጎተቱ ሄዱ። ለምን እንደመጡ ሲጠይቃቸውም አልደበቁትም፤ የኪራዩን አዋጅ ሊያስጥሉ መሆኑን ነገሩት።

«እኔ ካረቀቅኩት መሐል ነው እኮ» አለ ወጣቱ። «ግድ የለም፣ ይግቡ። ልጄን ሊገድሉ ከመጡም ለብሰው ቢገድሉት ይሻላል።»

ሎህ አዋጁን የጠሉት ያለ ነገር አልነበረም። ኢፖ ውስጥ ከአባታቸው የወረሱት ባለ አንድ ፎቅ ቤት አላቸው። ታች እርሳቸው ይኖራሉ፤ ላይ ዎንግ ካ ሚንግ የሚባል የሞተር ብስክሌት ጠጋኝ ከሚስቱ ከሱክ የን ጋር ተከራይቷል። ሱክ የን ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል። የሎህ አባት ደግሞ «ለሚሞት ቤትህን አውስ፤ ለሚወለድ ግን አታውስ» እያሉ ነበር ያሳደጓቸው። በባዕድ ቤት የተወለደ ሕፃን የባለቤቱን ዕድል ይዞ ይሄዳል ይባላል። እናም ሎህ ባልና ሚስቱን ሳትወልዱ ውጡልኝ ብለዋቸዋል። ካ ሚንግ ምክንያቱን ቢጠይቅ «ቤቱ የእኔ ነው» ከማለት በቀር አልመለሱለትም። አራስነቷ እስኪያልፍ ታገሡን ቢላቸውም እንቢ አሉ። አሁን ደግሞ ይህ አዋጅ አከራይ ተከራዩን ሲያስወጣ ምክንያቱን በዳኛ ፊት ይናገር ይላል። ሎህን ያስቆጣቸው ይኸው ነው። በገዛ ቤቴ ማን ጠያቂ አደረገው አሉ።

ከአዳራሹ በላይ ካለው የእንግዶች ሰገነት ሲደርሱ ግን ቁጣቸው ለጊዜው ጠፋባቸው። ጣሪያው እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ብርሃኑ ከዚያ ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የወርቅ ቀለም ያለውን የሥልጣን በትር ተሸክሞ አንድ ሰው ገባ፤ አፈ ጉባኤው ተከተሉ፤ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ሎህም ተነሥተው ነበር፤ መነሣታቸውን ያወቁት ሲቫኔሳን እጃቸውን ይዞ ሲያስቀምጣቸው ነው። ሚኒስትሩ ለመናገር አፈ ጉባኤውን ፈቃድ ጠየቁ። ፈቃድ! ሎህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሚኒስትር ፈቃድ ሲሰጥ እንጂ ሲጠይቅ አይተው አያውቁም።

ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ፤ የዓሣ ገበያም እንደዚያ አይጮኽ። አንዱ ሲናገር ሌላው «ሥነ ሥርዓት!» ይላል፤ ከወዲያ ይሳቃል፣ ከወዲህ ጠረጴዛ ይደበደባል። ሎህን ያስደነቃቸው ግን ጩኸቱ አልነበረም። ይህ ሁሉ ትልቅ ሰው፣ ከደሴቱም ከተራራውም የመጣው፣ የሚጯጯኸው ስለ አንድ ክፍል ነው። ስለ ደረጃና ስለ ቁልፍ፣ ስለሚያፈስ ጣሪያና ስለ ተቆረጠ ውሃ ነው። የእርሳቸው የላይኛው ክፍል እዚያ መሐል የተቀመጠች መስሎ ታየቻቸው።

የተከበሩ ቺን ተነሡ። ሎህ በስልክ የነገሯቸውን አንድም ሳይተዉ ተናገሩት። ቤት የባለቤቱ ነው፤ ባለቤት ሲፈልግ ያስገባል፣ ሳይፈልግ ያስወጣል፤ ለምን ተብሎ መጠየቁ ውርደት ነው አሉ። ሎህ ደረታቸውን ነፉ። በዚህ ጊዜ ከሳራዋክ ወንዝ ዳር የተመረጡ አንዲት አጠር ያሉ ሴትዮ ለመጠየቅ ፈቃድ ለመኑና ቆሙ።

«የተከበሩ ጓደኛዬ አንድ ነገር ያስረዱኝ» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «እዚህ ቤት የምንቃወም ሰዎች ቆመን ለምን እንደምንቃወም እንናገራለን። እርስዎም አሁን ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጸሐፊዎቹ እየጻፉት ነው፤ የልጅ ልጆቻችን ያነቡታል። እኛ አንዲት አንቀጽ ለማስወጣት ምክንያት ከተናገርን፣ ሰው ከነልጁ ከቤት ሲወጣ ምክንያት አይነገረው የሚሉት ለምንድን ነው? ደግ ምክንያት ያለው ሰው መናገር ምን ያስፈራዋል?»

የተከበሩ ቺን ወረቀታቸውን አገላበጡ፣ ከዚያም ጊዜዬ አልቋል ብለው ተቀመጡ። እኔ ብዙ ሸንጎ አይቻለሁ፤ ጩኸት የማያሸንፈውን ነገር አንድ ጥያቄ ሲያሸንፈው ማየትን የመሰለ ግን የለም።

ሎህና ሲቫኔሳን ለሻይ ወጡ። በምክር ቤቱ ሻይ ቤት ሲቫኔሳን ወተት ያለው ሻይና ቂጣ አስቀረበላቸው፤ እርሳቸው ግን ሳይነኩት ክርክሩን ጀመሩ።

«ያቺ ሴትዮ አከራይ ሆና አታውቅም» አሉ። «ተከራይን አታውቀውም። ከእነዚህ በፊት የነበረው ሰውዬ ምን እንዳደረገኝ ታውቃለህ? ላይኛውን ፎቅ ዘግቶ ወንጭፊት አረባበት፤ ጎጆዋን ለሾርባ የሚሸጧትን ወፍ። ኩሱ ከጣሪያዬ እየተንጠባጠበ ቁርሴን በላሁ። አንድ ቀን ወፎቹን ትቶልኝ ጠፋ።»

ሲቫኔሳን ሳቁን መያዝ አቃተው። «ይቅርታ አህ ፓክ። ይህን ዳኛ ፊት ለመናገር ያፍራሉ?»

«እኔ ምን አሳፈረኝ? እርሱ ይፈር እንጂ። በድምፅ ማጉያ ነው የምናገረው።»

«እንግዲያው አዋጁ የእርስዎ ወዳጅ ነው። እንደዚያ ያለውን ተከራይ ዳኛው በአጭር ቀን ያስወጣልዎታል፤ ላጠፋውም ያስጠይቅልዎታል። ዛሬ ግን ወፎቹን ይዘው ወዴት ይሄዳሉ? ለማን ይናገራሉ?»

ሎህ ይህን አላሰቡትም ነበር። ቂጣውን ቆረሱ። ሲቫኔሳን ወገቡን አቅንቶ እንደ አፈ ጉባኤ ኮስተር አለ።

«አሁን ላሉት ተከራዮች ደግሞ እንምጣ። የተከበሩ ሎህ ዪው ፋት፣ ዕድሉ ተሰጥቶዎታል። ለምን እንደሚያስወጧቸው ለምክር ቤቱ ይግለጹ።»

«ተው እንጂ ታምቢ፣ አታሹፍብኝ» አሉ ሎህ፣ በወጣቱ ቋንቋ ታናሽ ወንድሜ ብለው።

«አላሾፍኩም። ያቺን አዳራሽ በልብዎ ይዩአት። ሁሉም ዝም ብሎ እርስዎን ይሰማል፤ ጸሐፊዎቹም ብዕራቸውን አንሥተዋል።»

ሎህ አዳራሹን አዩት። አፋቸውን ከፈቱ። ኪራይ አልከፈሉም እንዳይሉ ይከፍላሉ። ቤት አበላሹ እንዳይሉ ካ ሚንግ ነው የታች በራቸውን ማጠፊያ ያቃናላቸው። ይረብሻሉ እንዳይሉ ሱክ የን በካልሲ ነው የምትሄደው። የቀረው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱንም ለማውጣት ሞከሩ። «አንዲት ሴት... ልጅ ልትወልድ...» ብለው አቆሙ። ፊታቸው ቀላ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ ሎህ ሳይናገሩ በራሳቸው ላይ ሲፈርዱ ይኸው በዓይናችን አየን።

«የአባቴ ቃል ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ሕፃኑ የቤቱን ዕድል ይዞ ይሄዳል።»

ሲቫኔሳን በዚህ ጊዜ አልሳቀም። «አባትዎን አልነካም። ግን ልጠይቅዎት፤ ልጆችዎ የት ናቸው?»

«ሜልቦርን። ለአዲስ ዓመት ይደውላሉ።»

«ሚስትዎስ?»

«አርፋለች።»

«ታዲያ እዚያ ቤት ተዘግቶበት የሚጠበቀው ዕድል ምን ሠራልዎት?»

ሎህን የራሳቸው ነገር አሳቃቸውና እንዲህ አሉ፤ «አንድ ቀን እንኳ ወርዶ አብሮኝ እራት አልበላም።» ሳቃቸው ግን ወዲያው ተሰበረ፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ።

ሲቫኔሳን ያን ጊዜ ቀስ እያለ አስረዳቸው። እንደማይባረር የሚያውቅ ተከራይ ምስማር ሲወልቅ ራሱ ይመታል፤ ነገ የሚወጣ ግን ቤቱን እንደ ጣቢያ መቀመጫ ነው የሚያየው። አከራይም በሕግ ሲጠበቅ በየወሩ አዲስ ሰው ከመጠርጠር ያርፋል። ቤት የሚጠነክረው ሰው ሲሰነብትበት ነው አለ። ሎህ አንዳንዱን ተቀበሉ፤ አንዳንዱን «ይህ እንኳ የተማሪ ወሬ ነው» ብለው ጣሉት። ስለ አዋጁ የዚያን ቀን ድምፅ አልተሰጠም። ተወካያቸውን ሳያነጋግሩ፣ ሸሚዙንና ጫማውን መልሰው ወደ ባቡሩ ፈጠኑ።

ኢፖ ሲደርሱ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር። ከቤታቸው ፊት የጭነት መኪና ቆሟል፤ አልጋውና የልብስ ሣጥኑ ተጭነዋል። ሱክ የን ሆዷን ይዛ ከመተላለፊያው ጥላ ሥር ተቀምጣለች። የሚሄዱት ካ ሚንግ የሚሠራበት ጋራዥ ጓሮ፣ ጎማ ወደሚከማችበት ክፍል ነበር። ሎህ ይህን ሲሰሙ ወደ መኪናው ተጠጉ።

«ዕቃውን መልሱት» አሉ።

ካ ሚንግ ገመዱን ሳይለቅ ዞረ። ኩሩ ልጅ ነበር። «አህ ፓክ፣ ውጡ ሲሉን ለምን እንደሆነ አልነገሩንም። አሁን ደግሞ ግቡ ይሉናል። ለምን?»

ጎረቤታቸው፣ እርሳቸውም አከራይ የሆኑት እመት ቾንግ በራቸው ላይ ቆመው ይሰማሉ። ሹፌሩም ይሰማል። ሎህ እጃቸውን ወደ ጎናቸው አደረጉ፤ እዚያ አዳራሽ እንዳዩአቸው ሰዎች ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ሕፃን ፈርቼ ነው» አሉ ጮክ ብለው። «ገና ያልተወለደ ሕፃን ዕድሌን ይሰርቀኛል ብዬ እናንተን አስወጣሁ። ምክንያቴ ይህ ነው፤ ሌላ የለኝም። ስናገረው ምን እንደሚመስል ዛሬ ነው የሰማሁት። ይቅር በሉኝ።»

ሱክ የን አለቀሰች። «እናቴም እኮ ይህንኑ ብላ ነው አትምጪብኝ ያለችኝ» አለች። «ያገባች ልጅ እናቷ ቤት ከወለደች የወንድሞቿን ዕድል ትወስዳለች አለችኝ።»

ሎህ አልጋውን በአንድ በኩል አነሡ፤ ካ ሚንግም ገመዱን ፈታና በሌላ በኩል ያዘ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አዋጁ ገና ምክር ቤት ውስጥ ሲንከባለል በኢፖ አንድ ቤት አስቀድሞ ጸደቀ። ሱክ የን በሐኪም እጅ ሴት ልጅ ወልዳ ለአራስነቷ ወደ ላይኛው ክፍል ተመለሰች። ካ ሚንግ እንደሚቆይ ሲያውቅ ለዓመታት ያፈሰሰውን አሸንዳ ደፈነ፤ ሎህም ዝናብ ሲዘንብ ባልዲ መደርደር ተዉ። እራታቸውን ብቻቸውን መብላት ቀረላቸው። እመት ቾንግ እንኳ አዲስ ተከራይ ሲያስገቡ የሚያስወጡበትን ምክንያት ከወዲሁ መናገር ጀመሩ፤ ስናገረው የማፍርበትን ምክንያት አላደርገውም ይላሉ። ልማድ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ በሰው ፊት ቆሞ መናገር የማይችለው ልማድ ግን ሰው ከቤት የማስወጣት ሥልጣን ሊኖረው አይገባም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የሱክ የን እናት መጡ። የአራስ ምግብ፣ በዝንጅብልና በኮምጣጤ የተቀቀለ የአሳማ እግር፣ በድስት ይዘው ነበር፤ ከደረጃው ሥር አስቀምጠው ሊመለሱ። ሎህ ወጥተው ተቀበሏቸው።

«አይወጡም?»

«አይሆንም ጌታዬ። አራስ ክፍል የገባ ሰው የቤቱን ዕድል እዚያው ትቶ ይወጣል ይባላል። እንኳን እኔ እርስዎም ባይቀበሏት ኖሮ ደግ ነበር።»

«ይመለሱ፣ አልይዝዎትም» አሉ ሎህ። «ልጅዎ ግን ከላይ ትሰማለች። እዚሁ ይቁሙና ምክንያትዎን ጮክ ብለው ይንገሯት።»

ከላይ ሕፃኗ አለቀሰች። ሴትዮዋ አፋቸውን ከፈቱ፣ ቀና ብለው ደረጃውን አዩ፣ አፋቸውንም መልሰው ዘጉ። ሎህ ድስቱን ከእጃቸው ተቀበሉና ቀድመው እንዲወጡ መንገድ ለቀቁላቸው።